የማዕድ ጠረጴዛና የክፍል ምጣኔ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በጥንቱ ክብ ቤት፣ ማዕዱ መሶብ፣ መቀመጫውም ዝቅተኛ በርጩማ ስለ ነበረ፣ ከምግብ በኋላም መሶቡ ተነሥቶ ወለሉ ለሌላ ተግባር ይለቀቅ ስለ ነበረ፣ የገበታ ስፋት ባለቤቱን ብዙ አያሳስበውም ነበር፤ ዛሬ ግን በቆርቆሮ ክዳኑ ቤት ሳሎን የሚገባው የዋንዛ ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ሥፍራውን ከያዘ በቀላሉ የማይነሣ ዕቃ ነውና፣ አናጢው ከመጠራቱ አስቀድሞ ክፍሉን መለካት ይገባል።

ምጣኔውም እንዲህ ነው፦ ተቀማጩ ወንበሩን ስቦ እንዲነሣ፣ ማስታጠቢያ የያዘውም ልጅ ከኋላው እንዲያልፍ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል 90 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ሁለት ክንድ ያህል፣ ይተዋል። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ከሆነ ክፍል ይህ ከየጎኑ ሲቀነስ የሚተርፈው 120 በ220 ሳንቲሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመጋቢም 60 ሳንቲሜትር ጠርዝ ሲታደል፣ በየጎኑ ሦስት፣ በየጫፉ አንድ፣ በድምሩ 8 ሰዎች ይስተናገዳሉ። ቡፌ ካለ የእርሱም ወርድ አስቀድሞ ይቀነሳል።

ይህ ስሌት ግን ለየሰው በየሳሕኑ ለሚቀርብ ምግብ የተበጀ ነው፤ ከአንድ ትሪ እንጀራ ለሚቆርስ ቤተሰብ፣ ገበታው ከመጠን በላይ ሲሰፋ በዳር የተቀመጠው አዛውንት ከወጡ ለመድረስ ይጎነበሳልና፣ ወሳኙ የክንድ ርዝመት ነው። ስለዚህ ለስድስት ሰው ከዳር እስከ ዳር 120 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ ይበቃል፤ የጽዋ ማኅበር ተራው ሲደርስ ማኅበርተኞችን የሚጋብዝ ሰውም፣ ለዚያች ዕለት ብሎ ሳሎኑን ዓመቱን ሙሉ በግዙፍ ጠረጴዛ ከማጨናነቅ ይልቅ፣ አግዳሚ ወንበርና ተጨማሪ መሶብ ቢያሰናዳ ይሻለዋል።