ስለ ቃር ሕመምና ስለ ማስታገሻው፤ ለናይሮቢ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከደረት አጥንት በታች ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣውን ቃጠሎ የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ቃር ይለዋል፤ በስዋሂሊ ቋንቋም ስሙ ኪዩንጉሊያ ነው። ይሁን እንጂ በናይሮቢ ከተማ ሕመሙ በስሙ ሲጠራ የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የአገሩ ሰው «አልሰር አለብኝ» ይላል፤ በኢስሊ ሰፈርና በሌሎቹ መንደሮች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ «ጨጓራዬን ያመኛል» ይላል። ሁለቱም አነጋገር የጨጓራን ቁስል፣ የጨጓራን መቆጣትና ቃርን በአንድ ከረጢት ውስጥ የሚከት ነው። ስሙ ሲደባለቅ መድኃኒቱም ይደባለቃልና አስቀድሞ ሕመሙን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ርዝመቱ 25 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በታችኛው ጫፉ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ የሚያገለግል ክብ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ምግብ ሲያልፍ ይከፈታል፤ ካለፈም በኋላ ይዘጋል። የጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን በራሱ አሲድ እንዳይቃጠል መከላከያ ተሰጥቶታል፤ የምግብ ቧንቧው ግን ይህን ያህል መከላከያ የለውም። ስለዚህ ጡንቻው ሲላላ ወይም ሆድ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ሲገፋው አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ቧንቧውን ያቃጥለዋል። ጎምዛዛ ውኃ ወደ አፍ መምጣቱ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ደረቅ ሳል፣ ጠዋት የድምፅ መጎርነን ከዚሁ የሚመጡበት ጊዜ አለ። አልፎ አልፎ የሚነሣ ቃር ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ግን እንደ በሽታ ሊታይ ይገባዋል።

የናይሮቢ ኑሮ ለዚህ ሕመም የተመቸ መሆኑን ማንም የከተማው ነዋሪ ሊመሰክር ይችላል። ሠራተኛው ሳይነጋ ተነሥቶ በማታቱ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ቁርሱ ብዙ ጊዜ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚና ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ነው። ቀኑን በጥቂት ነገር ያሳልፍና፣ በመኪና መጨናነቅ ምክንያት ቤቱ የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የቀኑን ምግብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ በልቶም ወዲያው ይተኛል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኛማ ቾማ ከካቹምባሪና ከቢራ ጋር ይቀርባል። የኢትዮጵያውያኑም ማዕድ ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ባዶ ሆድ ተውሎ፣ ከዚያ በኋላ ዘይትና በርበሬ የበዛበት ወጥ በአንድ ጊዜ ይበላል። ጾሙ አይደለም ጥፋተኛው፤ አፈታቱ ነው። በጥቂት ጀምሮ፣ አረፍ ብሎ፣ ቀሪውን በኋላ የሚበላ ጿሚ ሕመሙ ይቀልለታል።

ከኑሮ ለውጥ ሁሉ ይልቅ ጥቅማቸው በሐኪሞች ዘንድ የታመነባቸው ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብም አይጠይቁም። የመጀመሪያው ራት ከመኝታ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ እንዲበላ ማድረግ ነው። ቤቱ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ዋናውን ምግብ በቀትር በልቶ ማታ ጥቂት ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ቢቀምስ ይሻለዋል። ሁለተኛው አልጋውን በራስጌ በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህም የሚሆነው ከራስጌው እግሮች ሥር ጠንካራ ቁራጭ እንጨት በማስገባት ነው እንጂ ትራስ በመደራረብ አይደለም። የተደራረበ ትራስ አንገትንና ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ቃሩን ሊያብሰው ይችላል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ ሰው በግራ ጎኑ ሲተኛ አሲዱ የሚጠራቀምበት የጨጓራ ክፍል ከቧንቧው በር በታች ይሆናልና። ሦስተኛው፣ ክብደቱ ከልክ ያለፈ ሰው መቀነሱ ነው። በወገብ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ጨጓራን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ጠብቆ የታሰረ ቀበቶ ወይም መቀነትም እንዲሁ ያደርጋል። ትምባሆ ደግሞ በር ጠባቂውን ጡንቻ ያላላል፤ አሲዱን አጥቦ የሚያወርደውን ምራቅም ይቀንሳል።

ስለ ምግብ ዓይነት የሚነገረው ግን ከሚገባው በላይ በዝቷል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ቡና፣ ቸኮላታ፣ አልኮል ሁሉም በአንዱ ሰው ላይ ቃር ሲያስነሡ በሌላው ላይ ምንም አያደርጉም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን መከልከል ሰውን ከማስመረር በቀር አይጠቅምም። አንዱን ነገር ለሁለት ሳምንት ትቶ ለውጡን መመልከት፣ ለውጥ ከሌለም ወደ እርሱ ተመልሶ ሌላውን መሞከር የተሻለ ዘዴ ነው። ቡና ወዳዱ አቦሉን ከቁርስ በኋላ ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ቢተው፣ ሙሉ በሙሉ ከመከልከል የሚቀልል መሥዋዕትነት ነው። ከሜሩ አውራጃ እየመጣ በኢስሊ የሚሸጠው ጫት ግን ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያዘገያል፤ ቃሚው የምግብ ሰዓቱን ማሳለፉና በላዩ ለስላሳ መጠጥና ሲጋራ መጨመሩም ጉዳቱን ያከፋዋል።

የቤት መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ይዘዋቸው ከመጡት መካከል አብሽና ተልባ በብዛት የታወቁት ናቸው። ሁለቱም በውኃ ሲዘፈዘፉ የሚያንሸራትት ልጋግ ያወጣሉ፤ ይህም የተቃጠለውን ቧንቧ ለጊዜው እንደሚያለሰልስ ይታመናል። የአብሽ ጭረት ከምግብ በፊት ሲወሰድ ቃርን እንደሚያቀልል በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት አመልክቷል፤ የተሳተፉት ሰዎች ግን ጥቂቶች ስለ ነበሩ እንደ ተረጋገጠ መድኃኒት ሊቆጠር አይገባም። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ጋር ሲያጣምረው ይጠንቀቅ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አብዝታ አትጠጣ። ዝንጅብል በጥቂቱ ሲሆን ማቅለሽለሽን ያበርዳል፤ ሲበዛ ግን ራሱ ያቃጥላል። ናና ለሆድ ቁርጠት ጥሩ ቢሆንም በር ጠባቂውን ጡንቻ ስለሚያላላ ለቃር አይመረጥም። ወተት ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨጓራው እንደገና አሲድ እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል። ከምግብ በኋላ ማስቲካ ማኘክ ቀላል ነገር ቢመስልም ምራቅን ስለሚያበዛ እውነተኛ ጥቅም አለው። ሆምጣጤ የሚጠጡ ሰዎች አሉ፤ አሲድን በአሲድ ለማብረድ መሞከራቸው ነውና ምክንያቱ አይገባም፤ ማስረጃም አልተገኘለትም።

በኬንያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማጋዲ ለሚባለው ነጭ አፈር ነው። ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካለው ከማጋዲ ሐይቅ የሚወጣው ይህ ሶዳ፣ በቆሎና ባቄላ የሚቀቀልበትን ጊዘሪ ቶሎ ለማብሰል የሚጨመር ነው፤ አንዳንዱም ቃር ሲነሣበት በውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል። አሲዱን ማብረዱ እውነት ነው። ነገር ግን ውስጡ ብዙ ሶዲየም ስላለ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመምተኞችን ይጎዳል፤ የፍሎራይዱም ብዛት የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል። በየሱቁ በከረጢት የሚሸጠው የሚፈላው የኢኖ ዱቄትም ሶዲየሙ ብዙ ስለ ሆነ ለአንድ ቀን ችግር እንጂ ለየዕለቱ ልማድ የሚሆን አይደለም። ኦዶዋ የሚባለውን ለስላሳ ድንጋይ የሚበሉ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከእርሱ ጋር እርሳስ የተባለውን መርዛም ብረት ሊውጡ እንደሚችሉ ይወቁ። በእርግዝና ጊዜ ቃር መብዛቱ የተለመደ ነው፤ ከወሊድ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። እስከዚያው ካልሲየም ያለበት የሚታኘክ ክኒን የተሻለ መሆኑን የእርግዝና ክትትል ሐኪም ያስረዳል።

ከኬሚስት ቤት የሚገዛው ኦሜፕራዞል ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም ብዙ ሰው አወሳሰዱን ያበላሸዋል። መድኃኒቱ አሲድ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ሥራ ሲጀምሩ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ ቃሩ ከተነሣ በኋላ ቢወስዱት ፈጥኖ አያበርድም። ከጥቂት ሳምንታት በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀጠልም አይገባም። በቤት የቆየ ራኒቲዲን ያለው ሰው ቢጥለው ይሻላል፤ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር ስለ ተገኘበት የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 ከገበያ እንዲነሣ ጠይቋል። ለወገብና ለራስ ምታት የሚዋጡት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ ጨጓራን የሚያቆስሉ ናቸው፤ ጠዋት ይህን ውጦ ማታ የቃር መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ከራሱ ኪስ ያገኘዋል።

የጨጓራ ቁስል ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1982 በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተሐዋሲ አሳድገው አሳዩ፤ ቁስሉም በአብዛኛው ከእርሱ እንደሚመጣ ስለ ተረጋገጠ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ተሐዋሲው በኬንያም በኢትዮጵያም በብዙ ሰው ሆድ ይገኛል። በየትንንሹ ክሊኒክ በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ ግን የቀድሞውን ልክፍት ካሁኑ ስለማይለይ፣ በሰገራ ወይም በትንፋሽ የሚደረገውን መጠየቅ ይገባል። ከምርመራውም በፊት ኦሜፕራዞልን ለሁለት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተሐዋሲው እያለ የለም ሊባል ይችላል። ተሐዋሲው ቢጠፋም ቃር ላይድን ስለሚችል፣ ያንኑ የፀረ ተሐዋሲ መድኃኒት ደጋግሞ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ቃር መስሎ የሚመጣው ሌላው ሕመም ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ በሚዘልቀው የአፍሪካ ክፍል የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው ዓለም በዝቶ ይገኛል፤ በኬንያ የቦሜት አውራጃ፣ በኢትዮጵያም አርሲና ባሌ በዚህ የታወቁ ናቸው። በእነዚህ አገሮች የሚበዛው ዓይነት ከቃር የሚመነጭ አይደለም፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ምግብ ያዝ ሲያደርገው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ወራት ያሳልፋል፤ ወደ ሐኪም ሲደርስም ጊዜው አልፎበታል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቧል፤ ስለዚህ ከምድጃ የወረደውን ሻይ ጥቂት ደቂቃ አብርዶ መጠጣት ለቃረኛውም ለሌላውም ይበጃል።

እንግዲህ ምግብ ሲውጥ የሚይዘው፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ቃር የጀመረው ሰው፣ አብሽም ኢኖም ሳይጠብቅ በካሜራ የሚደረገውን የጨጓራ ምርመራ እንዲያዝለት ሐኪም መጠየቅ አለበት። ይህ ምርመራ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልና በከተማው ባሉ ሌሎች ታላላቅ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የደረቱ ቃጠሎ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ደረጃ ሲወጣም የሚብስ ከሆነ ግን የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። ሕመምተኛው ሲሄድ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመያዣቸው ይዞ፣ ቃሩ የሚነሣበትን ሰዓትና ስንት ሳምንት እንደ ቆየ በወረቀት ጽፎ ቢቀርብ የሐኪሙን ሥራ ያቀልላል።