ተጨማሪ መረጃ፦ መጥቶ ስለሚሄድ የዋይፋይ ድክመት

በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ ቀን እንደ ልብ ሲከፈት የዋለ ድረ ገጽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከገበያ ተመልሶ ስልኩን በሚከፍትበት ምሽት ሥዕሉን በግማሽ አሳይቶ ቀጥ ቢል፣ የቤቱ ባለቤት የኢንተርኔት መስመሩን ከመውቀሱ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ሊመረምር ይገባዋል፤ በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ፣ ሕጸጹ ያለው በቤቱ አየር ውስጥ ነውና። ዋይፋይ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ቻናል ከሚባሉት የሞገድ መተላለፊያዎች መካከል በተለምዶ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት ሦስቱ፣ 1፣ 6 እና 11፣ ብቻ ስለሆኑ፣ ግንብ ለግንብ የተያያዙ ቤቶች በአንዱ ላይ ቢከማቹ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ እንደ ቆመ ባለጉዳይ፣ ተራ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻናሉን ራሱ እንደ አዲስ የሚመርጥ ራውተርም አለና፣ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ መታመሙ አያስደንቅም። ማይክሮዌቭ ምድጃም በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ፣ ምሳው እስኪሞቅ ድረስ ገጹ ሊቆም ይችላል። ሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ከዚህ ሁከት በብዙ የራቀ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ግድግዳ ፈጥኖ ያደክመዋል። ብረት ሞገድን ስለሚመልስ፣ ራውተሩን ከአቧራ ለማዳን ሲባል በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ፋኖስን ከእንቅብ በታች ማኖር ነው።