ምልክትና ጆሮ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የዜማ ክህሎትን ስለ ማሳደግ

የቅዱስ ያሬድ ዜማ የራሱ የጽሑፍ ምልክት አለው። ይዘት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክና ቁርጥ 8ቱ ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር ሲታከሉ 10 ይሆናሉ። በትውፊት እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በቃላት አናት ላይ የሚጻፈውን የፊደል ምልክት አደራጅተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት እንደ አውሮፓ ኖታ የድምፅን ከፍታ ለይቶ አያሳይም፤ በጆሮ የተያዘውን ዜማ ያስታውሳል እንጂ። ስለዚህ ክህሎትን ማሳደግ በዋናነት በመምህር ፊት የመታረም ጉዳይ ነው።

የአቋቋም ሥርዓትም ይህንኑ ያሳያል። ቃሉ አስቀድሞ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም በጸናጽልና በከበሮ ይመረገዳል፤ በመጨረሻ በጽፋት ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይታከላል። መሣሪያው የሚከተለው ድምፁን ነው። ቁም ዜማው ሳይጸና ከበሮ የጨበጠ ተማሪ ምቱን ቢያውቅም ቃሉ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

ለሰሜን ሸዋ ደጋ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። በስም ከሚለዩት የዜማ ስልቶች ውስጥ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ይገኛሉ፤ የመጨረሻው የተሰየመው በመንዝ አጎራባች በተጉለት ነው። አንዱ ምልክት በሁለት ቤቶች በተለያየ ዜማ ሊባል ይችላል። በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ያለ ተማሪ የሌላ ቤት ቅጂ በስልኩ እየሰማ ቢያጠና፣ በዚያ ቤት ትክክል የሆነው ዜማ በራሱ ማኅሌት ስሕተት ይሆንበታል። በንግሥ ዕለት የአጎራባች አጥቢያ ሊቃውንት አብረው ሲቆሙ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ይህ ማለት ቅጂ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ3 ነገሮች ቢታገዝ ጥቅሙ ይጎላል፦ ከመምህሩ ትምህርት በኋላ ለክለሳ ቢውል፤ የተቀዳበት ቤት፣ መምህሩና የዜማው ዓይነት (ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ) ቢመዘገብበት፤ ተማሪውም የራሱን ድምፅ ቀድቶ ለመሪጌታው እርማት ቢያቀርብ። ድጓው በብራና ይቆያል፤ የአካባቢው ስልት ግን መምህሩ ተተኪ ሳያፈራ ካረፈ ከምልክቱ ብቻ ተመልሶ አይገኝም። ጥናትም ሆነ ድጋፍ መጀመር ያለበት ከጉባኤ ቤቱ ነው።