ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ክብደት ሲመለስ፦ ባልንጀራ ስለ መፈለግና ስለ ላስታ ማኅበር

በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ውጭ አገር የሚኖሩ የላስታ ተወላጆችም ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዲቱን፥ ለምሳሌ ያህል ከዋሽንግተን የመጣችውን፥ በሐሳባችን እንውሰድ። ይህች እኅት ከሦስት ዓመት በፊት ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አስቀንሳለች፤ ከእናቷ በቀር ግን ይህን የሚያውቅ የለም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ምነው እንዲህ ከሳሽ፥ አገሩ አልተስማማሽም እንዴ?» እያለ ያዝንላታል። እርስዋ በበኩሏ ወርዳበት ከነበረው ክብደት ላይ ዐሥር ኪሎ ስለ ጨመረች እንቅልፍ አጥታለች። ለማን ትንገር? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

«ይህ የጠገበ አገር ጉዳይ ነው፤ ወደ ላስታ ምን አመጣው?» የሚል ጓደኛ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየውን ረኃብ የሚያስታውሱ ሽማግሎች ዛሬም በየመንደሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት 22 በመቶው ከልክ በታች የከሱ ሲሆኑ፥ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን የዚህችን ሴት ብቸኝነት የሚያብሰው ይኸው ትዝታ ነው። «ወፈርሽ» ማለት ምስጋና፥ «ከሳሽ» ማለት ሐዘኔታ በሆነበት አገር፥ መወፈሯን ፈርታ ሆዷን በቢላዋ ያስነካችን ሰው ችግር መረዳት ቀላል አይደለም።

አስቀድመን ኦፕራሲዮኑ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን ቈርጦ በማውጣት የቀረውን እንደ እጅጌ ጠባብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ለይቶ እርስዋን በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው። 30 ሚሊ ሊትር የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የዚህን የሁለተኛውን ዘዴ መሠረት የጣሉት እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው።

ኦፕራሲዮኑ የሚለውጠው የጨጓራን ስፋት ብቻ አይደለም፤ ረኃብንና ጥጋብን ለአንጎል የሚያስታውቁትን ሆርሞኖችም ይለውጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሰው ብዙ ሳይታገል ይከሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነት የጠፋውን ስብ እንደ ተዘረፈ ጎተራ ይቈጥረዋል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቈጥባል፥ ረኃቡም ቀስ በቀስ ይመለሳል። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና በፕሮፌሰር ላርስ ሹስትረም ሲመራ የነበረው ትልቅ ጥናት በ2007 ባወጣው ውጤት፥ የከረጢቱ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀንሰው፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። 120 ኪሎ የነበረ ሰው ወደ 82 ገደማ ወርዶ በዐሥረኛው ዓመት 90 ኪሎ ላይ ይገኛል ማለት ነው። እንግዲህ ጥቂት መመለሱ የሰውየው ስንፍና አይደለም፤ የሥጋ ጠባይ ነው። እኛ ይህን አስረግጠን የምንናገረው፥ ክብደት የተመለሰበት ሰው በኀፍረት ከሐኪሙም ከወዳጁም ስለሚሸሸግ፥ በሸሸገም መጠን ጥቂቱ ብዙ ስለሚሆን ነው።

ክብደቱ በምን በር ይመለሳል? ብዙዎች በአንድ ጊዜ በሚበላ ትልቅ ማዕድ ይመስላቸዋል። ትንሿ ጨጓራ ግን ትልቁን ማዕድ ራስዋ ትከለክላለች፤ የማትከለክለው ጥቂት በጥቂት ቀኑን ሙሉ የሚቃመውን ነው። በላስታ ቤት ከአቦል እስከ በረካ የገብስ ቆሎ ሳሕን ከመካከል አይነሣም። አንድ እፍኝ ምንም አይመስልም፤ በሦስት ቤት ሦስት ጊዜ ቡና የተጠራች እንግዳ ግን ምሳዋን ያህል ሳታውቀው ቅማዋለች። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሽ በጠባቡ ጨጓራ ሳይቆም ያልፋልና። ይልቁንም የከረጢቱ ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖ ስለሆነ፥ ከዚህ በፊት ምንም ያላደረገ አንድ ብርሌ ጠጅ ሊያሰክር ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ የመጠጥ ሱስ እንደሚጨምርም ተጠንቷል። ማርና ስኳር ደግሞ በአንዳንዱ ላይ ላብ፥ የልብ ምትና ማዞር ያመጣሉ።

ይህን ሁሉ ሐኪም አንድ ጊዜ ሊነግር ይችላል። ሆኖም ምክር ወረቀት ላይ ሲቀር፥ ቆሎው በየቀኑ ይቀርባል። ለዚህ ነው በውጭ አገር ይህን ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ብዙ ሆስፒታሎች በየወሩ የሕሙማን ስብሰባ የሚያደርጉት። ሐሳቡም የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1948 አስተር ማንዝ በሚልዎኪ፥ በ1961 ደግሞ ጂን ናይዴች በኒው ዮርክ ጥቂት ወዳጆቻቸውን በየቤታቸው ሰብስበው ስለ ክብደት መወያየት ጀምረው፥ ከእነዚህ ቤቶች ታላላቅ ድርጅቶች ወጥተዋል። ወደ ስብሰባ የሚመላለሱ ሕሙማን ከማይመላለሱት የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ በርካታ ጥናቶች ይናገራሉ። እርግጥ ቀድሞውኑ የበረታው ሰው ይሆናል አዘውትሮ የሚመጣው፤ ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ ለስብሰባው መስጠት አይገባም።

የእነዚህን ስብሰባዎች አሠራር ስንመረምር ግን አዲስ ነገር ሆኖ አላገኘነውም። የታወቀ ቀን አለ፤ የታወቁ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ የቀረ ሰው «ለምን ቀረህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ላስታ ውስጥ ይህ ማኅበር ይባላል። በወር በወሩ፥ በሚካኤል ወይም በማርያም ወይም በመድኃኔ ዓለም ቀን፥ ብዙ ጊዜ ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ማኅበርተኞች ተራ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ጽዋውን ይረከባል፤ ሙሴው ሥርዓቱን ይጠብቃል። የታመመ ይጠየቃል፥ የተጣላ ይታረቃል። ባልንጀራን ከመዘንጋት የሚከለክል ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት እኛ አናውቅም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። ማኅበር ያለ ዳቦና ያለ ጠላ አይሆንም። ከማዕዱ የሚሸሽ ሰው ሰዎቹን የሸሸ ይመስላል፤ «በሞቴ»፥ «አፈር ስሆን» እያሉ ማጉረስም የፍቅር ምልክት እንጂ ጥቃት አይደለም። ሰውን የምታቆመው ገመድና የምታደናቅፈው ገመድ አንድ ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዶች ይህን አይተው «ከማኅበር መቅረት ይሻላል» ይላሉ። እኛ አንስማማም፤ ብቻውን የቀረ ሰው ማታ ብቻውን ይበላልና።

የሚሻለው ምሥጢሩን ለሁለት ሰው መክፈል ነው፤ ለሙሴውና ለዚያ ወር ተረኛ። ዝርዝሩን መናገር አያስፈልግም፤ «ጨጓራዬን ታክሜአለሁ፥ ከጥቂት በላይ አይፈቀድልኝም፥ ከምግብ ጋርም አልጠጣም» ማለት ይበቃል። ሙሴው አንድ ጊዜ «እርስዋን ተዉአት» ካለ፥ በሞቴው ይቆማል። እድሮች በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ከቀብር አልፈው ሕመምተኛን ወደ መንከባከብ እንደ ተሸጋገሩ ስናስታውስ፥ የአገራችን ማኅበራት ለአዲስ ሕመም አዲስ ሥርዓት ለማውጣት የሚሳናቸው አይመስለንም።

ጾምም ጥያቄ ያመጣል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ሽሮ፥ ምስርና ባቄላ ይህን በከፊል ይሰጣሉ። ቪታሚን ቢ12 ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዕድሜ ልክ የታዘዘውን ኪኒን በሑዳዴ ማቋረጥ ነርቭን እስከ መጉዳት ያደርሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ ውሎ በአንድ ጊዜ መብላትም ለጠባብ ጨጓራ አይስማማም። ይህን ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር መምከር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም።

በላሊበላ ከተማ ተመሳሳይ ኦፕራሲዮን ያደረገ ሌላ ሰው መፈለግ ምናልባት ከንቱ ድካም ይሆናል። ነገር ግን ባልንጀራ የሚሆን ሰው አንድ ዓይነት ጠባሳ ሊኖረው ግድ አይደለም። የስኳር በሽታ ያለባት ጎረቤት ጠጅና ማር ትሸሻለች፤ የደም ብዛት ያለበት አጎት በእግር እንዲሄድ ታዝዟል። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ቅዳሜ ከገበያ በፊት ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት አብረው ቢወጡ፥ በወርም አንድ ቀን በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ፥ ማኅበር ሆኑ። ወደ ዋሽንግተን ስትመለስም ኦፕራሲዮኑን የሠራላትን ሆስፒታል ስብሰባ ትጠይቅ፤ እንግሊዝኛው ቢከብዳት ከማኅበርተኞቿ አንዲቱን ይዛ ትሂድ፤ ከላሊበላዎቹም ጋር በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት በስልክ ትነጋገር። ሰውን የሚያሳፍር ወይም ዱቄትና መድኃኒት የሚሸጥ ስብሰባ ካጋጠማት ግን ትውጣ። ክብደቱ በፍጥነት ከጨመረ፥ ወይም ማስመለስና ሕመም ካለ፥ ከማንም ስብሰባ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባታል፤ ከረጢቱ ሰፍቶ ወይም ስፌቱ ተከፍቶ ሊሆን ይችላልና።

ሙሴውንና ተረኛዋን ማነጋገር ያለባት ደግሞ የማኅበሩ ቀን ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት ነው። ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ባለቤቲቱን «አልጠጣም» ብሎ ማሳመን እጅግ አስቸጋሪ ነው።