መደርደሪያው ለምን ይወድቃል?

መጻሕፍት የተሞላ የግድግዳ መደርደሪያ ከነብሎኑ ተነቅሎ ሲወድቅ «ሸክሙ በዛበት» ብለን እናልፈዋለን። ከአዘጋጆቹ የአንዳችን መደርደሪያ ግን ሌሊት ወድቆ፣ ከሥሩ የተኛውን ልጅ ለጥቂት ስቶታል። ብሎኖቹን ስንመረምር አልተሰበሩም፣ አልጎበጡም፤ ከግድግዳው ተስበው ወጥተዋል እንጂ።

ነገሩን በስሌት እንየው። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ 24 ኪሎ ግራም መጻሕፍት ቢሸከም፣ ክብደቱ 240 ኒውተን ያህል ሲሆን የክብደቱ ማዕከል ከግድግዳው 12.5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ይህ ክብደት መደርደሪያውን ወደ ታች ከመጫኑም ሌላ፣ በደጋፊው ብረት የታችኛው ጫፍ ላይ ሊያዞረው ይሞክራል። የሚቋቋሙት የላይኞቹ ብሎኖች ናቸው። ከታችኛው ጫፍ እስከ እነርሱ ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በድምሩ በ150 ኒውተን ይጎተታሉ፤ 10 ከሆነ ግን በ300። አንድም መጽሐፍ ሳይጨመር ጉተታው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የደጋፊው ብረት ክንዶች እኩል ካልሆኑ ረጅሙን በግድግዳው ላይ ማሳረፍ ይመረጣል።

በገበያ «ፊሸር» የምንለው የፕላስቲክ መሰኪያ ስሙን ያገኘው በ1958 እ.ኤ.አ. ከፈለሰፈው ጀርመናዊ ከአርቱር ፊሸር ነው። ብሎኑ ሲገባበት ጫፉ እየሰፋ የቀዳዳውን ጎኖች ይጫናል፤ ብሎኑን የሚይዘውም ከዚህ ግፊት የሚመነጨው ሰበቃ ነው። በድፍን ጡብና በኮንክሪት ዘዴው በሚገባ ይሠራል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት የምናገኘው ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ነው። መሰርሰሪያው ልስኑንና ቀጭኑን የብሎኬት ቅርፊት አልፎ በድንገት ከሰመጠ፣ የመሰኪያው ጫፍ የሚጫነው አየርን ነው።

እንዲህ ባለው ግድግዳ ላይ የመሰርሰሪያውን ምት አጥፍቶ በማሽከርከር ብቻ መብሳት ይገባል፤ ምቱ የቅርፊቱን ጀርባ ይፈረፍረዋልና። ለ8 ሚሊ ሜትር መሰኪያ የ8 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበቃል። ሰበቃን የሚቀንሰው ብናኝም ተነፍቶ ይውጣ። መሰኪያው ከቅርፊቱ በስተኋላ ተጨማድዶ የሚቋጠረው ዓይነት ቢሆን መልካም ነው። በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ እንጨት መወተፍ ቢለመድም አንመክረውም፤ በክረምት አብጦ በበጋ ይኮማተራል። ይልቅስ ቀዳዳውን በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኬት ሞልቶ፣ ቢያንስ ሳምንት ጠብቆ እንደገና መብሳት ይሻላል።

ከማብሪያና ከሶኬት ሽቅብም ሆነ ቁልቁል በልስኑ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በዚያ መስመር ላይ አይበሳም።

የወደቀውን መደርደሪያ በዚሁ መንገድ መልሰን ሰቅለነዋል። አልጋውን ግን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛውረነዋል።