ኤስኮባር ታወቀ፤ ካኖስ?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቡና በምጠጣበት ቤት የምትሠራ ወደ ሃምሳ የሚጠጋት ኮሎምቢያዊት አለች። አንድ ቀን ከፊቴ የተሰለፈ ወጣት አነጋገሯን ሰምቶ አገሯን ጠየቃት። «ሜዴሊን» አለችው። ፊቱ በራ፤ «የፓብሎ አገር!» ብሎ በጣቶቹ ሽጉጥ ሠርቶ አሳያት። ክፋት አልነበረበትም። እሷም ሒሳቡን ተቀብላ መልሱን ቆጥራ ሰጠችው፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያ ዝምታ ከልቤ አልወጣ ቢለኝ ሌላ ቀን እረፍቷን ጠብቄ አነጋገርኳት።

«አባቴ ፖሊስ ነበር» አለችኝ። የዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር በሜዴሊን ፖሊሶች ራስ ላይ ዋጋ ቆርጦ በመቶ የሚቆጠሩትን ያስገደለበት ዘመን ነው። «ዩኒፎርሙን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላዩ ዳቦ ጭኖበት ነበር ከቤት የሚወጣው። እናቴ አጥባ ውጭ አታሰጣውም፤ መኝታ ቤት ገመድ ወጥራ ታደርቀዋለች። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ልብስ ይሸት ነበር። ናርኮስን ስከፍት ያንን ቤት ፈለግሁት። ያገኘሁት የዋና ገንዳ ነው።»

ኔትፍሊክስ ስለ ኤስኮባር ሠርቶ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ተከታታይ ድራማ ናርኮስን አብዛኛው አንባቢ አይቶታል፤ ታሪኩን አልደግምም። ኮሎምቢያውያን ተመልካቾች መጀመሪያ የተቆጡት በአነጋገሩ ነው። ኤስኮባርን የተጫወተው ዋግነር ሙራ ብራዚላዊ ነው፤ አፉን የፈታው በፖርቱጋልኛ ሲሆን ለዚሁ ሥራ ሲል ሜዴሊን ሄዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስፓኒሽ ተማረ። የኤስኮባርን ሚስት ሜክሲኳዊት፣ እናቱን ቺሊያዊት ተጫወቱ። የኮሎምቢያው ፕሬዚዳንት ጋቪሪያ ሜክሲኳዊ፣ የኤስኮባር ጓደኛ ጋቻ ፖርቶሪካዊ ሆኑ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ለሚከታተል ሰው ሁሉም አንድ ነው። ለሜዴሊን ጆሮ ግን ጎጃሜ ገበሬ ነኝ ባዩ ተዋናይ በጣሊያን ቅላፄ አማርኛ ሲናገር እንደመስማት ነው። «ባለቤቴ ሆንዱራሳዊ ነው፤ እሱ ምንም አልተሰማውም» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ግን ኤስኮባር አፉን በከፈተ ቁጥር ከታሪኩ ወጥቼ እወድቃለሁ። የገደለንን ሰው ድምፅ እናውቀዋለን። በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ ሰምተነዋል።»

ሙራ ለጎልደን ግሎብ መታጨቱን፣ ይህን ያህል ስፓኒሽ የሚነገርበት የአሜሪካ ድራማ መሠራቱ ራሱ ድል ነው ያሉ የላቲን አሜሪካ ተመልካቾችም መኖራቸውን መካድ አይገባም። በግማሽ እስማማለሁ። በሌላው ግማሽ ያስቀየመኝ ተራኪው ነው። የኮሎምቢያን መከራ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የሚተርክልን አሜሪካዊ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ወኪል ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

ይህ ሙግት ከናርኮስ በፊትም ነበር። በ1980 ከማሪዬል ወደብ በጀልባ ተሻግረው ፍሎሪዳ የገቡት ኩባውያን 125,000 ያህል ነበሩ። ከእነሱ አንዱን ወንበዴ አድርጎ የሚተርከው፣ በ1983 የወጣው «ስካርፌስ» ፊልም ሲሠራ ማያሚ ያሉ ኩባውያን ሁላችንንም ወንበዴ ሊያደርገን ነው ብለው ተነሡ፤ ቀረጻውም በአብዛኛው ወደ ሎስ አንጀለስ ዞረ። ዋናውን ኩባዊ ጣሊያን አሜሪካዊው አል ፓቺኖ ተጫወተው። አጠገቡ የነበረው ሃቫና የተወለደው ስቲቨን ባወር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በ«ብሬኪንግ ባድ» ብቅ አለ፤ ያኔም የሜክሲኮ የዕፅ አለቃ ሆኖ ነው። በዚያው ድራማ ቺሊያዊ ነኝ የሚለው ጉስ ፍሪንግ ስፓኒሽ ሲናገር ስንት ቺሊያዊ እንደሳቀበት ተዋናዩን የሚወዱት ሳይቀሩ ያምናሉ።

ተመልካች ተቆጥቶ የረታበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2000 ኒውዮርክ ውስጥ ከፖርቶሪኮ ቀን ሰልፍ በኋላ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሴቶች በወንዶች መንጋ ወሲባዊ ጥቃት ደረሰባቸው፣ ተዘረፉ። የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ድራማ «ሎው ኤንድ ኦርደር» ያንን መነሻ አድርጎ የሠራው ክፍል በጥር 2001 ተላለፈ። ፖርቶሪካውያን በዓላችንን የወንጀል ስም አደረጋችሁት ብለው ጮኹ፤ ኤንቢሲም ይቅርታ ጠይቆ ዳግም ላለማስተላለፍ ቃል ገባ። ሳንሱር ነው ያሉ ነበሩ፤ ቃላቸው ዋጋ አለው። ነገር ግን ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሚጽፉበት ወንበር ቢኖራቸው ጎዳና ባልወጡ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2019 ላቲኖዎች ከመገናኛ ብዙኃን ዘርፍ ሠራተኞች 12 ከመቶ ነበሩ፤ በሌሎች ዘርፎች 18 ከመቶ።

ኮሎምቢያውያን ራሳቸው ሲጽፉት ምን እንደሚመስል ለማየት የኮሎምቢያው ካራኮል ቴሌቪዥን በ2012 ስለ ኤስኮባር ያወጣውን ተከታታይ ድራማ ማየት ነው። ከሠሩት አንዷ ሁዋና ኡሪቤ ናት፤ እናቷን ማሩሃ ፓቾንን የኤስኮባር ሰዎች በ1990 አፍነው ወስደዋታል፤ ደራሲው ማርኬዝ ስለ አፈናዋ መጽሐፍ የጻፈላት ሴት ናት። ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በነሐሴ 1989 ሶአቻ ላይ የተገደለው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን የሁዋና አክስት ባል ነበር። ሌላው አዘጋጅ ካሚሎ ካኖ የጊዬርሞ ካኖ ልጅ ነው። ጊዬርሞ ካኖ የ«ኤል እስፔክታዶር» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ የዕፅ ነጋዴዎቹን ሲያጋልጥ ቆይቶ ታኅሣሥ 17 ቀን 1986 ከቢሮው ሲወጣ በጥይት ተገደለ። የኛ አንባቢ ስሙን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ጋዜጠኛዋ ርዕዮት ዓለሙ በእስር ላይ ሳለች በ2013 የተሸለመችው የዩኔስኮ የፕሬስ ነፃነት ሽልማት በእሱ ስም የተሰየመ ነው።

ያም ድራማ ንጹሕ አልወጣም። የኤስኮባር ምስል ያለበት የተለጣፊ አልበም በሜዴሊን ድሃ ሰፈሮች ለልጆች ተሸጧል። ሴትዮዋ ግን ልዩነቱ ይሰማታል። «በእኛው ድራማ ሟቹ ሚስት አለው፤ ቁርስ ይበላል፤ ይፈራል። በዚያኛው ሟቹ ይወድቃል፤ ካሜራው ከገዳዩ ጋር ይሄዳል።»

የኤስኮባርን ቦታዎች ለቱሪስት ስለሚያስጎበኙ ድርጅቶች አንድ የኮሎምቢያ ባለሥልጣን ጠይቄ ነበር። ስለ ሜዴሊን የአበባ በዓል አስረዱኝ። ጥያቄውን ስደግምላቸው ስለ ድራማ አስተያየት አንሰጥም ብለው ተሰናበቱኝ።

መንግሥታቸው ግን ዝም ያላለበት ጊዜ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ማድሪድ መሃል አደባባይ ላይ ናርኮስ ነጭ ገናን ከኮኬይን ጋር ያቀላቀለ ግዙፍ ማስታወቂያ ሲሰቅል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ እንዲወርድ ጠይቋል። በየካቲት 2019 የሜዴሊን ከተማ የኤስኮባርን ሞናኮ ሕንፃ አፈረሰና ቦታውን ለተገደሉት መታሰቢያ አደረገው። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት የኤስኮባር ስም የንግድ ምልክት ሆኖ እንዳይመዘገብ ወሰነ።

ፍርድ ቤትና ከንቲባ ከዚህ በላይ አይችሉም። ቀሪው የድራማ ሠሪዎች ዕዳ ነው። ቀጣዩን የኮሎምቢያ ወንጀል ታሪክ የሚሠሩ ሰዎች ከሟች ልጆች አንዱን ከጸሐፊዎቹ ጋር ሳያስቀምጡ ካሜራ ማንሣት የለባቸውም።