ለመጀመሪያው ክሮኖ መዘጋጀት፦ ከአዲ አርቃይ

ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮርስ ብስክሌት ይዤ የምታገኙኝ ሰዎች "ምነው ብቻህን? ከማን ጋር ነው የምትሽቀዳደመው?" ትሉኛላችሁ። የምዘጋጀው ለክሮኖ ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ በጥድፊያ ከማስረዳ የተማርኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በተለይ ሳይክል የሚወዱ የአዲ አርቃይ፣ የደባርቅና የዳባት ልጆች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ከብስክሌት ውድድር ዓይነቶች ሁሉ ለእኛ አካባቢ የሚመቸው ይኼኛው ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁና።

ክሮኖ ሜትር፣ ባጭሩ ክሮኖ፣ ብስክሌተኛው ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ነው። ተወዳዳሪዎች በጅምላ አይነሱም፤ አንድ በአንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ። ሁሉም ያንኑ መንገድ ይጋልባል፤ ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ መሠረት አንዱ ሌላውን ሲደርስበት በጎን የ2 ሜትር ርቀት መጠበቅ አለበት፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላም የተቀደመው ቢያንስ 25 ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ መጋለብ ይኖርበታል።

ይህ ክልከላ ትልቅ ትርጉም አለው። በጅምላ ውድድር ከፊቱ ባለው ጋላቢ ተከልሎ የሚሄድ ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ ጥሩ ቡድን ያለው ሰው ብዙ ጥቅም አለው። የኢትዮጵያ ብስክሌት ለረጅም ዘመን በመቀሌ ላይ ያተኮረውም አንድም በዚህ ነው፤ እዚያ እንደ ትራንስ ኢትዮጵያና ጉና ያሉ ክለቦች ነበሩ፣ ልጆቹም በቡድን ተኮትኩተው አደጉ። እኤአ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የዚያ ከተማ ልጅ ነው፤ በአገር አቀፍ ሻምፒዮናም የክሮኖ አሸናፊነትን ደጋግሞ ወስዷል። ክለብ በሌለበት፣ አብሮ የሚጋልብ ሰው በማይገኝበት ወረዳ ላለ ልጅ ግን በጅምላ ውድድር መብሰል ከባድ ነው። ክሮኖ ይህን ችግር ያልፈዋል። መንገድ፣ ሰዓትና ታማኝ ልፋት ይበቃዋል።

አጀማመሩም ቢሆን በችግር ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሕዝብ መንገድ ላይ የጅምላ ውድድር ሲታገድ፣ እኤአ በ1895 ኤፍ. ቲ. ቢድሌክ የተባለ ሰው ጋላቢዎችን አንድ በአንድ እያስነሳ በሰዓት ማወዳደር ጀመረ። ፖሊስ እንዳይነቃ ንጋት ላይ፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይጋልቡ ነበር። እኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በፊት ግን፣ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ኦሊምፒክ፣ ገረመው ደንቦባ ያለበት የኢትዮጵያ ቡድን የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ክሮኖ ጋልቧል። ገረመው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሜልቦርን፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ኦሊምፒክም ነበረ። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ማንም አልነገረን፤ ሊነገረን ይገባ ነበር።

የቡድን ክሮኖው ቀን የነበረው የሮም ሙቀት ለእኛም ትምህርት ነውና ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ወደ ዝግጅቱ።

ከሁሉ የሚቀድመው ጉልበትን ማከፋፈል መማር ነው። ቀኑን ሙሉ ሊያርስ የወጣ ገበሬ በማለዳ በሬዎቹን እንደማያዋክብ ሁሉ ጋላቢም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ራሱን ይዞ መጋለብ አለበት። ይህ ከባድ ነው፤ በመነሻው ላይ እግር ትኩስ ነው፣ ሰው ያያል፣ ልብ ይመታል፣ ፍጥነቱ ቀላል ይመስላል። ያኔ ያባከኑት ጉልበት ከግማሽ መንገድ በኋላ ተመልሶ አይገኝም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ እስትንፋስ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ሦስት ቃል መናገር መቻል አለብኝ። በመሐሉ አንድ ቃል። በመጨረሻው ሩብ ምንም። ውድ የልብ ምት ወይም የጉልበት መለኪያ ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለውም በእስትንፋሱ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ጉልበቱ የት ቦታ ላይ ይውላል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቁልቁለት ላይና ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ይፈጥናል፣ ዳገትና የፊት ነፋስ ላይ ያርፋል። ሒሳቡ ግን የሚለው ተቃራኒውን ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር የሚመለስ ውድድር እናስብ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እኩል የጋለበ በ40 ደቂቃ ይጨርሳል። ሲሄድ በ25፣ ሲመለስ በ35 የጋለበ ሰው አማካዩ 30 ይመስለዋል፤ ሰዓቱ ግን 41 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ይሆናል። በዝግታው የባከነው ጊዜ በፍጥነቱ አይካካስም። ስለዚህ ዳገትና የፊት ነፋስ ላይ ጉልበት ትንሽ ጨምሩ፤ ቁልቁለትና የኋላ ነፋስ ላይ ትንሽ ቀንሱና ትንፋሽ ሰብስቡ። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ዳገት ላይ ሙሉ በሙሉ የነደደ ሰው አናቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ነፋስን ካነሳሁ፣ ሜዳ ላይ የጋላቢ ዋናው ጠላት አየር ነው። ፍጥነትን በሰዓት ከ30 ወደ 33 ኪሎ ሜትር ለማድረስ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። አየሩን የሚጋፋውም በአብዛኛው ብስክሌቱ ሳይሆን የጋላቢው ገላ ነው። ለዚህ ነው አቀማመጥ ከውድ ጎማ የሚበልጠው። እኤአ በ1989 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ነበረ። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን በ50 ሰከንድ ይመራ ነበር። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ክንዶቹን ወደ ፊት አቅንቶ የሚያሳርፍበት ልዩ መሪና ለነፋስ የተቀረጸ የራስ ቁር ይዞ መጣ፤ ፊኞን ግን ጸጉሩን ከኋላ አስሮ በባዶ ራሱ ጋለበ። ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የፈጀውን ውድድር ለሞንድ በ8 ሰከንድ አሸነፈ።

እንዲህ ያለ መሪ እኛ ጋ አይገኝም፤ አያስፈልግምም። የኮርስ ብስክሌቱን መሪ የታችኛውን ክፍል ይዛችሁ ክርናችሁን እጠፉ፣ ጉልበታችሁን ወደ ውስጥ ሰብስቡ፣ ትከሻችሁን አጥብቡ። የሚውለበለብ ጃኬት አውልቁ። በዚህ አቀማመጥ ወገብና አንገት ስለሚያም በልምምድ ቀስ በቀስ ልመዱት። አንገት ደክሞት ዓይን መሬት ላይ እንዳይተከል ግን ተጠንቀቁ፤ በእኛ መንገድ ላይ አህያ፣ ፍየልና ባጃጅ ሳይታሰብ ይገባል። የራስ ቁር ያለ ምንም ድርድር ይደረጋል።

የደጋውና የቆላው ልዩነት የእኛ አገር ልዩ ጉዳይ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ ዛሪማ የደረሰ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዷል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ብስክሌቱን ብዙ አይገታውም፤ ሳንባ ግን የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እኤአ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው በስሱ አየር ምክንያት ነበር፤ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። የዚያች ከተማ ከፍታ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። ከደባርቅ ወደ እኛ የሚወርድ ጋላቢ ትንፋሹ ይቀለዋል፣ ሙቀቱ ግን ይጥለዋል። ከዚህ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ደግሞ የመነሻ ፍጥነቱን ካልቀነሰ ቶሎ ይታፈናል። ውድድሩ የሚካሄድበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ጥቂት ቀን መሰንበት ከተቻለ ጥሩ ነው።

ሮም ላይ በቡድን ክሮኖው ወደሆነው ልመለስ። የዚያን ዕለት በኃይለኛ ፀሐይ ውስጥ ሲጋልብ የነበረው ዴንማርካዊው ክኑድ ኤነማርክ የንሰን ራሱን ስቶ ከብስክሌቱ ወደቀ፤ በዚያው ቀን ሞተ። ገና 23 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ቆላ ላይ ከባድ ልምምድ በጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይሠራ። ያኔ ነፋሱም ዝቅ ያለ ነው፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ አየሩ ከሸለቆው ወደ ተራራው ሽቅብ ይነፍሳል። ከልምምድ በፊት ውኃ ጠጡ፣ ረዥም ከሆነም ጨው ጣል ያለበት ውኃ ያዙ። ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ላብ ከቆመ ወይም ራስ ከዞረ ወዲያው ውረዱና ጥላ ፈልጉ። ይህን እንደ ስንፍና የሚያይ ጓደኛ ካላችሁ አትስሙት።

ምግቡ የራሳችን ነው። ከውድድሩ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ እንጀራ በሽሮ ወይም ዳቦ በሻይ፣ ሲቃረብ በማር የተበጠበጠ ቀጠን ያለ በሶ። በዚያ ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም፤ ቅባት የበዛበት ወጥም ሆድ ላይ ይቀመጣል። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከባዱን ልምምድ ከበላ በኋላ ወደ ማታ ያድርገው፣ ጠዋት ቀላል ብቻ ይጋልብ። ባቄላ፣ ምስርና ሱፍ ፍትፍት ባለበት አገር ጾም የጋላቢ እንቅፋት አይደለም።

ልምምዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ረዥምና ዝግ ያለ ጉዞ። አንድ ቀን በውድድር ፍጥነት የሚሠራ፣ ለምሳሌ 8 ደቂቃ ጠንክሮ 4 ደቂቃ እያረፉ አራት ጊዜ። አንድ ቀን ዳገት። የቀረው ቀላል ጉዞና ዕረፍት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የልምምዱ ርዝመት ወደ ግማሽ ይቀነሳል፤ አጫጭር ፈጣን ጉዞዎች ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ሳምንት ብዙ በመልፋት ጉልበት አይጨመርም፣ ድካም ብቻ ነው የሚጨመረው።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፦ ሊማሊሞ ላይ ለክሮኖ አትለማመዱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደ፣ ጠመዝማዛው የበዛ፣ ጭነት መኪና የሚመላለስበት ገደል ነው። ሲወርዱ ፍሬን ይግላል፣ ጎማ ይፈነዳል። ለልምምድ የሚሻለው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ፊት ለፊት ርቆ የሚታይ፣ መታጠፊያው ጥቂት የሆነ መንገድ ነው። የገበያ ቀን ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ብስክሌቱን ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። ሰንሰለቱ ይጽዳ፣ ይቀባ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ፍሬኑን የሚነካካ ከሆነ ሳታውቁት መንገዱን ሁሉ ፍሬን ይዛችሁ ትጋልባላችሁ። ያረጀ ካላማዳሪ ይቀየር። ሁሉም ማርሽ መግባቱን ሞክሩ። ከተቻለ የውድድሩን መንገድ ከቀኑ በፊት በዝግታ ሂዱበት፤ ጉድጓዱን፣ መታጠፊያውንና ዳገቱ የሚያልቅበትን ቦታ በቃል ያዙ።

በዕለቱ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሰውነት አሟሙቁ። አጭር ክሮኖ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ስለሚከብድ ከረዥሙ የበለጠ ማሟሟቅ ይፈልጋል። መነሻው ላይ አንድ ሰው ኮርቻችሁን ይዞ ያቆማችኋል፤ ሁለቱም እግር ፔዳል ላይ ሆኖ ቆጠራው ይጀምራል። ይህንንም ከጓደኛ ጋር ተለማመዱት። ስትነሱ ማርሹ ቀለል ያለ ይሁን። ከኋላ የተነሳ ሰው ቢያልፋችሁ አትደንግጡ፣ አትከተሉት፤ የእናንተ ሰዓት የእናንተ ነው። እኤአ በ2025 ኪጋሊ ላይ፣ የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ፣ በክሮኖው ሬምኮ ኤቬኔፑል ከእሱ ቀድሞ የተነሳውን ታዴይ ፖጋቻርን መንገድ ላይ ደርሶ አልፎታል። ፖጋቻር ግን በዚያው ሻምፒዮና የጅምላውን ውድድር አሸነፈ።

አሁን ለወረዳችንና ለዞናችን የወጣቶችና ስፖርት ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ሩጫና እግር ኳስ በምታዘጋጁበት ቀን ክሮኖን ጨምሩልን። ወጪው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ጠዋት የሚጠበቅ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ያዥ፣ አንድ መዝጋቢ፣ መታጠፊያው ላይ የሚቆም አንድ ሰውና የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ ጤና ባለሙያ። ኮርስ ብስክሌት የሌላቸው በማውንቴን ብስክሌት ለብቻቸው ይመደቡ፤ ሴቶች ልጆችም የራሳቸው ምድብ ይኑራቸው። ከአዲ አርቃይ፣ ከዛሪማ፣ ከደባርቅና ከዳባት መጋለብ የምትፈልጉ፣ ወይም ሰዓት በመያዝ ማገዝ የምትችሉ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ስማችሁንና ያላችሁን የብስክሌት ዓይነት ጻፉልኝ። ዝርዝሩን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ።